ሳይነበብ የተቆለፈ መጽሐፍ፦ ለጎጃም ወላጆችና መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎጃም ወላጆች፣ መምህራንና ርእሳነ መምህራን፣ እንዲሁም ልጆቻችን ምን ያንብቡ የሚለውን ለምትወስኑ ሁሉ

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ፤

እንዴት ከረማችሁ? በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት ለ14 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አልተነሣሁምና። ዛሬ እኛ ዘንድ የደረሰው ነገ ሌላው ዘንድ መድረሱ ስለማይቀር ነው ደብዳቤውን ለሁላችሁ ያደረግሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መጽሐፍ፣ 11 ቅጂ፣ ከመደርደሪያ ወርዶ በካርቶን ታሽጎ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ሲመጣ በሞዴል 19 ተመዝግቦ የገባ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ሲነሣ ግን የወጪ ሰነዱ ሞዴል 22 አልተቆረጠለትም፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘም። የሆነው ይህ ብቻ ነው፦ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አንድ አባት ስልካቸውን ከፍ አድርገው «ይህን የጻፈችው ሴት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ?» አሉ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም፤ የተወራው ሁሉ ስለ ሴትዮዋ ነው። «አንብባችሁታል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድም ሰው አላነበበውም። እንዲያም ሆኖ ተወሰነ።

ደራሲዋ ጃክሊን ውድሰን ትባላለች፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የተባለውንም ሳልሸፋፍን ልጻፈው፦ ሴት የምታፈቅር ሴት ናት። ራሷም ደብቃው አታውቅም፤ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ከሴት የሕይወት አጋሯ ጋር ሆና ሁለት ልጆች አሳድጋለች። እኔ ይህን መጽሐፎቹ ከመምጣታቸው በፊትም አውቅ ነበር። ስለዚህ «ሳታውቅ ነው ያስገባችው» ብላችሁ እንድትምሩኝ አልፈልግም። አውቄ ነው መደርደሪያ ላይ ያኖርኋቸው፤ ለምን እንዳኖርኋቸው ልንገራችሁ።

መጽሐፉ «ብራውን ገርል ድሪሚንግ» ይባላል። ጃክሊን የገዛ ልጅነቷን በአጫጭር የግጥም ስንኞች የተረከችበት ነው። የእንግሊዝኛ መምህር የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ገጽ ሲዘረጋለት ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል። ይህ መጽሐፍ ግን ገጹ ሰፊ፣ መስመሩ አጭር፣ ቃሉ ቀላል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በንባብ ክበባችን አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ሌላው በአማርኛ ይተርካል፣ የቀሩት ያርማሉ። በሁለት ሐሙስ ከርእሱ አላለፍንም። አንዱ «ብራውን»ን «ቡናማ» ብሎ ተረጎመ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ «ቡናማ የጫማ ቀለም ነው፤ ሰው ጠይም ነው እንጂ ቡናማ አይባልም» አለች። ሌላው ቀጥሎ «ጠይም ናት ወይስ ቀይ ዳማ?» ብሎ ጠየቀ። ፎቶዋን ከጀርባ ሽፋኑ ላይ አይተው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ በእጅ ብልጫ «ሕልም ያላት ጠይም ልጅ» አሉት። አንዲት አሜሪካዊት የምትባልበትን ቀለም ከራሳቸው ቤት ቃል ሲያገኙለት ባያችሁ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ላሳያችሁ የምፈልገው። ጃክሊን እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሃዮ ኮለምበስ ተወለደች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የእሷ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ እሷንና ወንድም እህቶቿን ደቡብ ካሮላይና፣ ግሪንቪል የምትባል ከተማ አያቶቿ ዘንድ ትታ ኑሮ ፍለጋ ኒውዮርክ ሄደች። ይህን ክፍል ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። እናቱ ዓረብ ሀገር የሄደችበት፣ አያቱ የሚያሳድጉት ልጅ በየክፍላችን ስንት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። አያትየው ማተሚያ ቤት አለቃ ሆነው ሳለ ከሥራቸው ያሉት ነጮች «ሚስተር» ሳይሉ በስማቸው ብቻ ይጠሯቸዋል። ይህን ለማስረዳት ሳስብ አንድ ተማሪ ቀደመኝ፦ «አንቱታውን ነፈጓቸው ማለት ነው» አለ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሕጉ ተለውጦ ሳለ አያቷ አውቶቡስ ውስጥ አሁንም ከኋላ ወንበር መቀመጣቸውን ሲያነቡ ደግሞ ረዥም ክርክር ተነሣ፤ ፍርሃት ነው ያለ አለ፣ ክብርን መጠበቅ ነው ያለም አለ። እኔ ሳላዝዛቸው ስለ ሕግና ስለ ሰው ልብ ተከራከሩ። በ14 ዓመት ማስተማር እንዲህ ያለ የክፍል ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት።

አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ስሟን አልጽፍም። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ የምትማር፣ ዓርብ ማታ ስንቅ ልታመጣ ሦስት ሰዓት በእግሯ የምትሄድ ልጅ ናት። ማንበብ ይከብዳት ነበር። ከመስመሩ በታች ጣቷን እያስኬደች ፊደል በፊደል ስታነብ ልጆቹ ይስቁባት ነበር፤ በዚህ የተነሣ ክበቡ ውስጥ ለወራት አፏን አልከፈተችም። ጃክሊንም እንደዚሁ ነበረች። ታላቅ እህቷ ፈጣን አንባቢ፣ የመምህራን ኩራት ነበረች፤ ጃክሊንን ግን «ፍጠኚ፣ ከፍ ያለ መጽሐፍ አንብቢ» ይሏት ነበር። እሷ ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ አንዱን ታሪክ ደጋግማ እያነበበች ቀረች። ደጋግማ ያነበበችውን አንድ ተረት በቃሏ ያዘችውና አንድ ቀን መጽሐፍ ሳትይዝ ክፍሉ ፊት ቆማ ወጣችው። ጸሐፊ መሆን እንደምትችል የገባት ያኔ ነው። ያን ገጽ ያነበብን ሐሙስ ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ግማሽ ገጽ አነበበች። የሳቀባት የለም።

አባቶቼ፣ ይህን አነባበብ እኛ ጎጃሞች እናውቀዋለን። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በስንደዶ እየጠቆመ ነው ያነበበው። ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የቸኮለውን የኔታ ይመልሱታል እንጂ ቀስ ያለውን አይስቁበትም። በቃል መያዝ ደግሞ የእኛ የዕውቀት መሠረት ነው። ከብሩክሊን የመጣች አንዲት ሴት ልጅነቷን ስትጽፍ የእኛን የአብነት ተማሪ ጻፈችው። ይህን ያየሁ ሰው መጽሐፉን እንዴት አድርጌ ካርቶን ውስጥ ልርሳው?

«ታዲያ ይህች ሴት ማን ናት፣ አንድ መጽሐፍ ጻፈች ብለን ይህን ያህል?» ለምትሉኝ፣ የጃክሊን ሥራ አንድ መጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያዋ መጽሐፍ የወጣው በ1990 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ30 በላይ ጽፋለች፣ አብዛኞቹ ለልጆችና ለወጣቶች ናቸው። በወላጅ አልባ ሦስት ወንድማማቾች ላይ በጻፈችው ልብ ወለድ በ2001 ለጥቁር አሜሪካውያን ደራሲያን የሚሰጠውን የኮሬታ ስኮት ኪንግ ሽልማት አገኘች። በ2014 እነሆ ይኸው የተቆለፈው መጽሐፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ ወሰደ። የሀገሪቱ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2018 እና በ2019 የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ አምባሳደር አድርጓታል። በዚያው በ2018 ስዊድን አስትሪድ ሊንድግረን በተባለችው የልጆች ደራሲ መታሰቢያ የምትሰጠውን 5 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ሽልማት ተቀበለች። በ2020 ደግሞ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ በዓለም ትልቁ ክብር የሚባለውን የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ተሸለመች። አንብቢ ሲሏት በጣቷ የምታነብ የነበረች ልጅ ናት እዚህ የደረሰችው። ለልጆቻችን ልነግራቸው የምፈልገው ታሪክ ይኸው ነው።

ሐቀኛ ለመሆን ይህንም ልጨምር። ከመጽሐፎቿ መካከል ሴት የምታፈቅር እናት ስላለችው ልጅ የሚተርክ አለ፤ በ1995 የወጣ ነው። እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የለም፤ መኖሩን ግን አልደብቃችሁም። ልጆቹ ባነበቡት መጽሐፍ ውስጥ ያለው አያት፣ ወንድምና እህት፣ እስር ቤት ያለ አጎት፣ አንዲት የልብ ጓደኛ፣ አንድ ደብተርና የመጻፍ ጉጉት ነው።

ከስብሰባው በኋላ አንድ የማከብራቸው መምህር ለብቻዬ አነጋገሩኝ። «መጽሐፉ ምንም የለበትም፤ ግን ልጆቹ ስሟን ስልክ ላይ ፈልገው ያገኙታል፤ ያኔ ምን ትያቸዋለሽ?» አሉ። ከልባቸው ስለጠየቁኝ ከልቤ ልመልስ። ልጆቹ ፈልገው አግኝተውታል። አንዱ መጥቶ ጠይቆኛል። እኔም ያለውን ነገርሁት፦ አዎ፣ እንደዚህ ናት፤ በሀገራችን ሕግ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለው ግንኙነት ወንጀል ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የምታስተምረው ትምህርት አለ፤ ሴትዮዋ ደግሞ ሰው ናት፣ እናት ናት፣ ጸሐፊ ናት አልሁት። ጥቂት አሰበና «መጽሐፉን ልጨርሰው?» አለኝ። ጨረሰው። ሕጉ አንድን ድርጊት ይከለክላል፤ ስለ አያት የተጻፈን መጽሐፍ ግን አይከለክልም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 29 ሰው መረጃና ሐሳብ የመሻትና የመቀበል መብት አለው ይላል። የኔ ልጅም ሆነ የእናንተ ልጅ ጥያቄ ሲኖረው የሚጠይቀው ሰው ይኑረው ነው የምለው። መጽሐፉን ደብቀን ስልኩን ብንተውለት ጥያቄውን ከማን ጋር ሊነጋገርበት ነው?

አሁን የምጽፈው ከሁሉ የከበደኝ ነው። በዚያ ስብሰባ የተነገሩትን ቃላት እዚህ አልደግማቸውም። ተማሪዎች ተወካዮቻቸውን ልከው ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። በማግሥቱ እነዚያ ቃላት ግቢው ውስጥ ከልጅ ወደ ልጅ ሲወረወሩ ሰማሁ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ላይም ሲያርፉ አየሁ። ልጁ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም የእኔ ሥራ አይደለም። ያየሁት ደብተሩን ሰብስቦ ከምሳ በፊት ወደ ቤቱ መሄዱን፣ ቀጥሎም ሁለት ቀን መቅረቱን ነው። በብዙ መቶ ልጆች መካከል ስለ ራሱ ለማንም ያልተናገረው ነገር ያለው ልጅ መኖሩ አይቀርም። እኛ ትልልቆቹ ስለ አንዲት ሩቅ ሀገር ደራሲ ስንናገር ያ ልጅ ስለ ራሱ የተነገረ አድርጎ ይሰማዋል። ሃይማኖታችሁን ጠብቁ፤ እኔም የንስሐ አባት ያለኝ ሰው ነኝ። ልጅ በሚሰማበት ቦታ ግን ሰውን እንደ ቆሻሻ አትጥሩት ብዬ እለምናችኋለሁ።

ደግሞም እኛ የማን ልጆች እንደሆንን እናስታውስ። ጎጃም የቅኔ ሀገር ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ፣ ተማሪው ቅኔውን ሲያቀርብ መምህሩ ሰሙን ከወርቁ ለይተው፣ ቤቱን መትተው፣ ቃሉን መርምረው ነው የሚያርሙት ወይም የሚቀበሉት። ያልሰሙትን ቅኔ «ተበላሽቷል» የሚሉ የቅኔ መምህር አላውቅም። አቤ ጉበኛ የአቸፈር ልጅ ነው፤ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን ታግዶበት ነበር። ዛሬ ስሙን በኩራት የምንጠራው እኛው ነን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የጎዛምን ሰው ናቸው፤ የጎጃምን ቆሎ ተማሪ፣ ባላባትና ጭሰኛ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያሳዩን ያልቆጣቸው ሰው አልነበረም ብላችሁ ታስባላችሁ? እሳቸው ደግሞ ከዚያ ቀድመው «ተረት ተረት የመሠረት»ን ለሕዝብ አበርክተዋል።

ይህን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለትንንሾቹ ተረት አለ፤ ለትልልቆቹ ልብ ወለድ አለ። በመካከል፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላለው ልጅ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ መደርደሪያዬን ሁሉ አስሼ ያገኘሁት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ስንቅ ተሸክሞ ሦስት ሰዓት ስለሚሄድ ተማሪ፣ እናቱ ባሕር ማዶ ስላለች ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከብት ሲጠብቅ ስለከረመ ጎረምሳ ማን ጻፈለት? ልጆቻችን ጃክሊንን የወደዱት የራሳቸውን ሕይወት የጻፈላቸው ሰው በማጣታቸው ነው። መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ሰባት ልጆች የራሳቸውን ልጅነት በአጫጭር ስንኝ ጽፈው አመጡልኝ። አንዱ የሚጀምረው የጮቄን ብርድ ሸሽታ ከጊደሯ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ስላደረች አያቱ ነው። እነዚያ ሰባት ደብተሮች እኔ ዘንድ አሉ። መቶ ደብተር ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ለወጣት ደራሲ ሽልማትና የማተሚያ ወጪ የምታስቡ የባህልና የትምህርት ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ስዊድን ከመንግሥት ካዝና ለልጆች ደራሲ የምታወጣውን ለመድረስ ሳይሆን ከአንድ ወረዳ የአንድ ዓመት ውድድር መጀመር እንችላለን። ለዳኝነቱም ሆነ ለእርማቱ ያለ ክፍያ እሠራለሁ።

ስለ መጽሐፎቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአካባቢያችን ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት ቤተ መጻሕፍቱ ይዘረፋል ብዬ ስለሰጋሁ 11ዱንም ቅጂ ለልጆቹ አከፋፍዬ አውሼ ነበር። በውሰት መዝገቡ ላይ የመመለሻ ቀን አልጻፍሁም፤ ማን ያውቅ ነበር? ትምህርት ሲጀመር 11ዱም ተመለሱ። አንዱ የኩራዝ ጭስ ይሸታል። አንዱን ዝናብ እንዳያበሰብሰው የማዳበሪያ ከረጢት ቀድደው፣ በመርፌ ሰፍተው ልብስ አልብሰውታል። በዚያ ጊዜ ከብዙ ቤት ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ መጽሐፎቹ ግን አልጠፉም። ልጆቹ ከዚያ ሁሉ ያዳኑትን ነው እኛ በ20 ደቂቃ ስብሰባ የቆለፍንበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ካርቶኑ ይከፈት። መጽሐፉ ይመርመር ከተባለም ይመርመር፤ ግን ሦስት ሰው ተመርጦ ከዳር እስከ ዳር ያንብበው፣ ከዚያ የተባለው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ አንባቢዎቹ ልጆችም ይጠየቁ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ ወላጆች እኔ ሐሙስ በ9 ሰዓት ተኩል ገጽ በገጽ እያነበብሁ በአማርኛ እተርክላችኋለሁ፤ ስልኩን ከፍ አድርገው ያሳዩት አባትም ቢመጡ ከፊት ወንበር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ልጃቸውም ከአንባቢዎቹ አንዷ ናትና። በሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁ ባልደረቦቼም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መጽሐፉን ከመስጠታችሁ በፊት «ማን አንብቦታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያቺ በጣቷ የምታነብ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥታ ጠየቀችኝ። ደግማ ልታነበው ጀምራ ነበር፤ ያቆመችበት ገጽ ላይ ስንደዶ አጋድማበታለች። ካርቶኑ ከታች ነው ያለው፣ አሮጌ የተሰበሩ ወንበሮች ተጭነውበታል፤ ቁልፉ የንብረት ክፍል ሠራተኛው ዘንድ ነው። «ስንደዶው ሳይወድቅ ይቆይ ይሆን?» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በምሥራቅ ጎጃም የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ